የጎረቤት ጉልበት

«ምንም? ጭራሽ ምንም?»

«ጭራሽ ምንም» አለች ቲኬት ቆራጯ። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ቀኝ እግሯን ቀጥ አድርጋ አነሳችው፤ አጠፈችው፤ ደግሞ ዘረጋችው። «ይኸው፣ ይዩልኝ። በፊት እንዲህ ሳደርገው እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ነበር። ዛሬ ድምፁም የለ።»

ተኳሹ የበሯን መቃን ተደግፎ ጉልበቷን በትካዜ ተመለከተው። «ደረጃ ሲወርዱስ? ሲወርዱ እንኳ ጠቅ አያደርግዎትም?»

«ጠዋት ዳቦ ቤት ደርሼ ተመለስኩ። አንድ ቦታ አልቆምኩም።»

«ማታስ? ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል ይሉኝ አልነበረም?»

«ምነው ጋሼ፣ እንዲያመኝ ይፈልጋሉ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

እሱም አብሯት ሳቀ፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እንዲያማት ይፈልጋል። ብዙም አይደለም፤ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር የሚወጣው ያህል ብቻ። ልጁ ማታ ስትደውል የሚነግራት ነገር ያስፈልገዋል፤ ከሰሞኑ ደግሞ የሚነግራት ሁሉ የሚገኘው ከዚህች ሴት ጉልበት ነው።

ተኳሹ ሲሉት የሰማ እንግዳ ሰው የት ግንባር እንደተዋጋ ይጠይቀዋል። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተኮሰው ሸሚዝና አንሶላ ነው። በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ እንፋሎት በታመቀበት ክፍል ውስጥ፣ ካውያ እንደጨበጠ ጎለመሰ፣ ካውያ እንደጨበጠ ሸበተ። ጡረታ ሲወጣ ካውያውን አስረከበ፤ ጣቶቹ ግን ዜናው ያልደረሳቸው ይመስል እንደ ታጠፉ ቀሩ። ጠዋት ሲነሳ ቀኝ እጁ አሁንም የሆነ ነገር የጨበጠ ይመስላል። አንጓዎቹ አብጠው፣ አውራ ጣቱ ሥሩ ላይ ያቃጥለዋል። ቁርጥማት ነው ብሎ ዝም አለ፤ ለማንም አልተናገረም። ለማን ይናገራል?

ሚስቱ በሕይወት ሳለች ስልክ የእሷ ነበር። ልጃቸው ከሌላ ከተማ ስትደውል አንዳንዴ እሱ ያነሳና «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። ቆይ፣ እናትሽ ይቺውልሽ» ይላል። ልጅቱ ተምራ ለሥራ ከወጣች ጀምሮ የአባትና የልጅ ጨዋታ ይኸው ነበር። ተጣልተው አይደለም። ይዋደዳሉ፤ የሚዋደዱት ግን በእናትየው በኩል ነው። እናትየው ወሬውን ከወዲያ ተቀብላ ከወዲህ ታቀብላለች፤ «አባትሽ ናፍቀሽዋል» ትላለች እሱ ምንም ሳይል፤ «ልጅህ ጤናህን ጠይቃለች» ትለዋለች ልጅቱ ትጠይቅ አትጠይቅ እግዜር ይወቅ። እሷ ስታርፍ ሁለቱ ፊት ለፊት ተፋጠው ቀሩ። እሑድ እሑድ ልጅቱ ትደውላለች። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» «በላህ?» «በልቻለሁ።» ከዚያ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያዳምጣል። ከዚያ ይዘጋል። ስልኩን አስቀምጦ ከወንበሩ ሳይነሳ የሚቆይባቸው እሑዶች ብዙ ነበሩ።

አንድ እሑድ ግን ምን እያደረገ እንደሆነ ስትጠይቀው ሳያስበው እውነቱን ተናገረ። ሸሚዙን ሊቆልፍ እየታገለ ነበር።

«እንዴት ትታገላለህ? ቁልፉ ጠቦ ነው?»

«ቁልፉ ምን አደረገ፣ ጣቶቼ ናቸው እንጂ።»

እዚያ ላይ ልጅቱ ሌላ ሰው ሆነች። ከመቼ ጀምሮ? የትኛው ጣት? ጠዋት ይብሳል ማታ? ያብጣል? ይሞቃል? በማግስቱ የምትሠራበትን ፕሮጀክት ሐኪም ጠይቃ ደወለች። ዕድሜና ሥራ ያደከሙት መገጣጠሚያ ነው፤ ማስታገሻውን በየቀኑ መዋጥ ለጨጓራው ጥሩ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ብዙ የሚደረግ ነገር አለ አለችው። በየማታው አንድ መላ ይዛ መጣች። ጠዋት ጨው የገባበት ሙቅ ውሃ በሳፋ አድርጎ እጆቹን መንከር። ከዚያ ለስላሳ ስፖንጅ ቀስ ብሎ መጭመቅና መልቀቅ፤ በአውራ ጣት የእያንዳንዱን ጣት ጫፍ መንካት። ማታ ደረቅ ሩዝ በንጹሕ ካልሲ ቋጥሮ፣ አሙቆ አንጓዎቹ ላይ ማሳረፍ፤ ለብ ባለ ዘይት በክብ በክብ ማሸት፤ የሱፍ ጓንት አጥልቆ መተኛት። ዝንጅብል በሻይ፣ ባያድንም ያሞቃል። «ከሁሉ በላይ ግን አትቀመጥ አባዬ። መገጣጠሚያ የሚጠላው መቀመጥን ነው።»

ኮሌታ ሳይተኩስ እጅጌ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነውና ቅደም ተከተሉን አንድም ቀን አላዛነፈም። ሩዙን መጀመሪያ ቀን አሳርሮት ቤቱ በጭስ ታፈነ፤ ይህን ሲነግራት ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማ ዘመን ሆኖት ነበር። እጁ ከሩዙ ይልቅ በዚያ ሳቅ የለሰለሰ መሰለው።

የመላው ሁሉ ክፋቱ መሥራቱ ነው። እያደር ጣቶቹ ላላ አሉ። ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ብርድ ሲሆን አሁንም ይይዘዋል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ጠዋት የሸሚዙን የመጨረሻ ቁልፍ፣ ያንን የኮሌታውን ጠባብ ቁልፍ፣ ሳይሳደብ ቆለፈው። ማታውን በኩራት ነገራት።

«ተመስገን!» አለች ልጅቱ። «በጣም ደስ ይላል። እንግዲያው ግፋበት። በል ደህና እደር።»

በማግስቱ አልደወለችም። ከዚያም በማግስቱ። አልተቀየማትም፤ ሥራ አለባት፣ ጤነኛን ማን ይጠይቃል? ግን ሁልጊዜ በምትደውልበት ሰዓት ስልኩን ከፊቱ አስቀምጦ እጆቹን በውሃው ውስጥ እንደነከረ ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር። እሑድ ደውላ «እጅህስ?» ስትለው አፉ ከልቡ ቀድሞ «ኧረ ብሶበታል» አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሰኞ ማታ ስልኩ ጮኸ።

ነገር ግን ሰው ስለ ጣቱ ስንት ማታ ያወራል? ይወጋኛል አለ፣ ይቆረጥመኛል አለ፣ ይለበልበኛል አለ፤ ቃሉ አለቀበት። እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው አንድ ጠዋት ቲኬት ቆራጯ፣ ከሲኒማ ቤት ጡረታ የወጣችው ጎረቤቱ፣ ምድር ቤት ካለው ቤቷ ደጃፍ ጉልበቷን ይዛ ስታቃስት ያገኛት። ቆሞ ጠየቃት። ስለ ጉልበት ስታወራ ደግሞ ማማሩ! አንዱን ሕመም ከሌላው ለይታ፣ ሰዓቱንና ደረጃውን ጠቅሳ ትናገራለች። የሰማውን ማታ ለልጁ የራሱ አድርጎ ተረከላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሕመሙን ከታች ይረከባል፤ ማታ በስልክ ያስረክባል። የልጁን መላ ደግሞ በማግስቱ ይዞ ይወርዳል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ አንስቶ ማቆየት። ሲያብጥ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ሲደርቅ ሙቅ። ደረጃ ሲወጡ ደህናውን እግር ማስቀደም፣ ሲወርዱ ሕመምተኛውን። ቲኬት ቆራጯ ልጁ ያለችውን ሁሉ አደረገች፤ አሁን ጉልበቷ ዳነና ተኳሹ ባዶ እጁን ቀረ።

«ልጅዎ ትባረክ» አለችው እግሯን መልሳ እያወረደች። «እርስዎም ይባረኩ። በየጠዋቱ እንዴት አደርሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረኝም።»

ይህን ስትለው ዓይኗን ማየት አልቻለም። «በሉ፣ ይበርቱ» ብሎ ደረጃውን ወጣ፤ እየወጣ ሳለ አንዴም እንዳላቃሰተ ያስተዋለው በሩ ላይ ሲደርስ ነው።

ማታ ስልኩ ሲጮህ ገና የሚናገረውን አላገኘም ነበር።

«አባዬ፣ ጉልበትህስ?»

«ጉልበቴ…» አለና ቆመ። ጉልበቱ ድኗል ማለት አልሆነለትም። «ጉልበቴን ትቶ ወደ ዳሌዬ ወጣ።»

«ወደ ዳሌህ?»

«አዎ። እግሬንም ያደነዝዘኛል።» ከሰው ሲዋስ የነበረውን አሁን ከራሱ መፍጠር ሲጀምር መጠኑን አላወቀበትም። «ዛሬማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ መነሳት አቃተኝ።»

«ማን አነሳህ?»

«ማን ያነሳኛል? እዚያው ቆይቼ ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁ።»

ልጅቱ መሐንዲስ ናት፤ መንገድና ድልድይ ላይ ነው የምትሠራው፤ ከአንድ ቦታ ተነስቶ የሚሄድ ስንጥቅ ሲነግሯት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ እንዳትቆጣ» አለች። «የወንዙን ድልድይ ሰጥተውኝ ነበር። በኃላፊነት። ብዙ ጊዜ ስጠብቀው የነበረ ሥራ ነው። ቦታው ሩቅ ነው፤ ከዚያ ሆኜ በፈለግኩ ጊዜ ላይህ አልችልም። ስለዚህ እምቢ ልላቸው ነው። አንተ ጋ ያለው ቢሮ ወረቀት ላይ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል፤ ተዛውሬ እመጣለሁ። ነገ ከሰዓት መልስ እሰጣለሁ።»

«ድልድይ እንደ ሰጡሽ አልነገርሽኝም።»

«መቼ ልንገርህ? ስለ ሕመምህ ስናወራ ጊዜው ያልቅብናል።»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ጫማዋ በሩ ሥር ወልቆ፣ ድምፅዋ ከወዲያኛው ክፍል ሲመጣ፣ ለሁለት ሰው ሻይ ሲጥድ ታየው። «እስቲ… ነገ እንነጋገራለን» አለ ብቻ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው ሌላው ነገር የመጣበት። ልጅቱ ትንሽ ሆና እሱ ከሆቴሉ የተተኮሰ ሸሚዝ ውስጥ የሚገባውን ካርቶን ትርፍራፊ ያመጣላት ነበር። እሷም በሁለት ወንበር መካከል ታነጥፈውና ላዩ ላይ ብርጭቆ ታስቀምጣለች። ካርቶኑ ይጎብጣል። ታጥፈዋለች፣ ከሥር ትደግፈዋለች፣ ደግሞ ብርጭቆ ትጨምራለች። እናቷ ስለ ብርጭቆዎቿ ስትጮህ «ተያት፣ ይችለዋል» ያለው እሱ ነበር። አሁን ያልታመመ ዳሌውን ይዞ ያንን ሁሉ ሊያፈርስባት ነው። በራሱ አፈረ። እንዲያም ሆኖ መልሶ አልደወለም። እውነቱን ከተናገረ ማታ ማታ ማን ሊደውልለት ነው?

በማግስቱ ጠዋት ቲኬት ቆራጯ ወንበሯ ላይ አልነበረችም። ደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቀው ነበር፤ ሲወርድ ከላይ እስከ ታች እግሩን እግሩን እያየች።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ትናንት ማታ ደወለችልኝ።»

ክው አለ። «ስልክዎን ከየት አግኝታ?»

«ባለቤትዎ ሲያርፉ ሰጥቻት ነበር፤ ምናልባት ቢያስፈልጋት ብዬ። አባቴ አረማመዱ እንዴት ነው፣ ደረጃ ላይ ወድቆ ነበር ወይ፣ ለእኔ እየደበቀኝ ይሆናል፣ ነገ አይተው ይንገሩኝ አለችኝ። እያለቀሰች ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከጉልበቱ ጀርባ ነው የጀመረው፣ ሲወርድ ጠቅ ያደርገዋል፣ ማታ ይጠዘጥዘዋል አለችኝ። እየሰማሁ ይህን ሕመም የት ነው የማውቀው እላለሁ።»

ተኳሹ ግድግዳውን አየ።

«የእኔ ጉልበት ነው አይደል?»

«የእርስዎ ነው።»

«እኔ ደግሞ እኔን ሊጠይቁ የሚመጡ መስሎኝ ነበር» አለች። የተናገረችው ቲኬት አልቋል እንደሚል ሰው ረጋ ብላ ነው፤ ፊቷ ላይ የነበረው ግን ሌላ ነው። «እየጠበቅሁዎት ነበርኮ። ወንበሬን ወደ በሩ አስጠግቼ ነበር የምጠብቅዎት።»

«መጀመሪያ ላይ ለእርስዎ ብዬ አልነበረም» አለ ተኳሹ። ከዚህ በላይ መዋሸት አቅቶታል። «በኋላ ግን ሲሻልዎት ደስ ይለኝ ነበር። ከትናንት በቀር።»

ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው መለሰችው። «የሰው ሕመም ተውሶ ልጅ ማስለቀስ ምን የሚሉት ነው? እኔ ለዚህች ልጅ አልዋሽም። እየዘለለ ይወርዳል ብዬ ነው የምነግራት። ከእኔ አፍ ከምትሰማው ግን ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላል።»

ስለ ድልድዩ ነገራት። ከሰዓት መልስ እንደምትሰጥም ነገራት።

«ታዲያ እዚህ ምን ያቆምዎታል?» አለችው።

ስልክ ለእሱ ሲጮህ የሚያነሱት ዕቃ ነው። ራሱ ደውሎ አያውቅም ቢባል ሐሰት አይሆንም። ቤቱ ገብቶ መስኮቱ ሥር ቆመና የልጁ ፎቶ ያለበትን ቦታ በዚያ በተሻለው ጣቱ ተጫነው። ፈጥና አነሳችው፤ ከኋላዋ የማሽን ጩኸት ይሰማል።

«አባዬ? ወደቅክ?»

«አልወደቅኩም። የትናንቱ ውሸት ነው።»

«የትኛው?»

«ደረጃው። ዳሌው። ጉልበቱም።»

«ጉልበቱም?»

«ጉልበቱ የጎረቤታችን ነው፤ የቲኬት ቆራጯ። አንቺ ያልሽኝን እነግራት ነበር። እሷ ተሽሏታል።»

ማሽኑ ቆመ፣ ወይም እሷ ራቅ ብላ ሄደች። «እጅህስ?» አለች ቀስ ብላ።

«እጄ ጠዋት ጠዋት ይይዘኛል፣ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይለቀኛል። ሸሚዜን ራሴ ከቆለፍኩ ቆይቷል።»

«እንቅልፍ አጥቼ ነበርኮ አባዬ። ሐኪሙን በየምሳ ሰዓቱ እየያዝኩ ነበር። አሁን ሊሸሸኝ ሁሉ ጀምሯል።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ለምን? ምን አድርጌህ ነው?»

ደረጃውን እየወጣ ሳለ ያዘጋጀው ምክንያት ነበረው፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ይምታታብኛል ሊላት ነበር። አልወጣ አለው። «ደህና ነኝ ያልኩሽ ጊዜ መደወል ተውሽ» አላት።

በዚያ በኩል አንድ ሰው «ኢንጂነር፣ ስብሰባው» ሲል ተሰማ።

«እምቢ እንዳትያቸው» አለ ተኳሹ። «እባክሽ።»

«እሱን ለእኔ ተወው» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ቲኬት ቆራጯ በሩ ላይ ነበረች። ነገርኳት አላት፣ ዘጋችብኝ አላት። «እንግዲህ ጉልበቴን መልሰውልኛል» አለችና ከውስጥ ሁለተኛ ወንበር አምጥታ አጠገቧ አደረገችለት። ቁጭ ብለው መንገደኛውን አዩ። በኋላ እሱ ያን ሁሉ ዘመን ቲኬት ስትቆርጥ ምን ዓይነት ሥራ እንደነበር ጠየቃት። ስለዚህች ሴት የሚያውቀው ከጉልበቷ በላይና በታች ያለውን አንድ ጋት ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባው። መስኮቷ ዝቅ ያለ እንደነበር፣ ከሰው የምታየው እጁን ብቻ እንደሆነ፣ ከእጁ ደግሞ ሰውዬው ከማን ጋር ፊልም ሊያይ እንደመጣ ታውቅ እንደነበር ነገረችው። «ብቻውን የመጣ ሰው ሳንቲሙን በእጁ ያሞቀዋል» አለች። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ እዚያው ቆዩ።

ማታ ውሃውን አሙቆ ጨው ጨመረና እጆቹን ነከረ። ልጁ የምትደውልበት ሰዓት መጣ። ስልኩ ዝም አለ። እንደማትደውል ያውቅ ነበር፤ ማወቁ ግን አልረዳውም። ከላይ ቤት የሰዎች እግር ይሰማል፣ ወንበር ይጎተታል፣ አንድ ሰው ሌላውን ይጠራል። ቤቱ ሰፋበት። ውሃው እየቀዘቀዘ ሄደ፤ እሱም እንደ ትናንትናው፣ እንደ አምና እሑዶች ሁሉ፣ እየጠበቀ እንደሆነ አስተዋለ። ዕድሜውን ሙሉ ስልክ ሲጠብቅ ወይ ሲያቀብል ኖሯል። ተቆጥታ ይሆናል፤ ላታነሳው ትችላለች፤ ብታነሳውም የሚነግራት አንዳች ሕመም የለውም።

እጆቹን አደራርቆ ስልኩን አነሳና ፎቶዋን ተጫነ። ብዙ ጠራ።

«አቤት አባዬ» አለች። የደከመ ድምፅ ነበር። «ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«የት ላይ ነው ያመመህ?»

«የትም።»

ልጅቱ ጠበቀች። እሱም ቃል ፈለገ፤ በቤቱ ውስጥ ቃል የሚሰጠው ሰው አልነበረም። የልጁ ትንፋሽ ይሰማዋል። ከአሁን አሁን ትዘጋዋለች ብሎ ፈራ።

«ታዲያ ለምን ደወልክ?» አለችው።

«ድልድዩ ርዝመቱ ምን ያህል ነው?» አላት።

አንዴ አፍንጫዋን ሳበች። «እሺ ብያቸዋለሁ። ከየትኛው ዳር ጀምሬ ልንገርህ?» አለች።

«ከዚህኛው ዳር» አለና ሳፋውን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።